መኪና ሳይናገር አይቆምም
(በካኩማ ለወጣቶች የተሰጠ ንግግር)

ከአዘጋጆቹ፦ አምስት የካምፓችን ወጣቶች ገንዘብ አዋጥተው አንዲት አሮጌ የቤት መኪና ለመግዛት ስለተነሡ፣ በሾፌርነትና በመካኒክነት ረጅም ዘመን የሠሩ አንድ አባት ምክር እንዲሰጧቸው ጠይቀው ነበር። እሳቸውም «ለአምስት ሰው ብቻ ከምናገር መስማት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ» በማለታቸው ንግግሩ በአዳራሽ ተደረገ። በዕለቱ መገኘት ላልቻላችሁ አንባቢዎቻችን እንደሚከተለው አቅርበነዋል። ስማቸው እንዳይጻፍ የጠየቁት ራሳቸው ናቸው።



የዚህን የቆርቆሮ ቤት ሙቀት ሁላችንም ስለምናውቀው ብዙ አላስቀምጣችሁም። እኔ በንግግር የታወቅሁ ሰው አይደለሁም። ትምህርቴም ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። ነገር ግን በ1974 ዓ.ም. በአንድ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኜ ከተቀጠርኩ ወዲህ፣ በአገር ቤትም ሆነ በስደት፣ እጄ ከግራሶና ከዘይት ተለይቶ አያውቅም። ዛሬ የምነግራችሁ በእጄ የዳሰስኩትንና ከኪሴ የከፈልኩበትን ነው።

አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱ ይበቃኛል፤ እሱም መኪና ሳይናገር አይቆምም የሚለው ነው። መኪና ከመቆሙ በፊት በድምፅ ይናገራል፣ በጠረን ይናገራል፣ በጭስ ይናገራል፣ መሬት ላይ በሚያንጠባጥበው ጠብታ ይናገራል፣ በመርገጫው በኩልም ለእግራችሁ ይናገራል። «ድንገት ተበላሸብኝ» የሚል ሾፌር አብዛኛውን ጊዜ ሲነገረው ያልሰማ ሾፌር ነው። ይህን የምለው ሌላውን ለመውቀስ አይደለም። ካልሰሙት መካከል አንዱ እኔ ነኝ። የራሴን ታሪክ በመጨረሻ እነግራችኋለሁ።

መግዛት ሠርግ ነው፤ መያዝ ግን ትዳር ነው

ልጆቼ፣ መኪና መግዛት እንደ ሠርግ ነው፤ የአንድ ቀን ነው፣ ጭብጨባም አለው። መኪና መያዝ ግን ትዳር ነው። ከመግዣው ገንዘብ በኋላ ዘይት አለ፣ ጎማ አለ፣ ባትሪ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ። በኬንያ ሕግ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ የሌለው መኪና መንገድ ላይ መውጣት አይፈቀድለትም፤ መንጃ ፈቃድ የሌለውም ሰው መሪ መያዝ አይፈቀድለትም። ስለዚህ ያላችሁን ገንዘብ በሙሉ ለሻጩ አትስጡ። እንደ እኔ ምክር ከአምስት እጅ አንዱን እጅ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ጥገና አስቀሩ።

ስምምነታችሁንም በጽሑፍ አድርጉ። ማን ይነዳል? ገንዘቡን ማን ይይዛል? ከዕለቱ ገቢ ስንት እጁ ለመኪናዋ ይቀመጣል? አንዳችሁ ከካምፑ ብትሄዱ ድርሻችሁ እንዴት ይሆናል? ጓደኛሞች ነን ብላችሁ ይህን አትለፉት። ዕቁብ እንኳ ዳኛና ጸሐፊ አለው።

መኪናዋን ስታዩ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ እዩ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቃችሁ «ነገ በጠዋት እንመለሳለን» በሉት። ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ በሽታውን አይደብቅም። የጭሱን ቀለም ተመልከቱ። ሰማያዊ ከሆነ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው። ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በደንብ እየተቃጠለ አይደለም። ነጭ ሆኖ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይጠፋ ከሆነ ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ የሞተር ዘይት መጨመሪያውን ክዳን ፍቱና ውስጡን እዩ። ማኪያቶ የመሰለ ነገር ተለጥፎበት ካገኛችሁ ውሃና ዘይት ሳይገናኙ አልቀሩምና እዚያው ላይ አቁሙ። በሻንሲው ላይ የተመታውንም ቁጥር ከሎግቡኩ ጋር አስተያዩ። ካልተመሳሰለ በነፃ ቢሰጧችሁ እንኳ አትቀበሉ።

ስለ ጎማ አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ልንገራችሁ። በጎማው ጎን ላይ አራት ቁጥር ተጽፎ ታገኛላችሁ። ለምሳሌ 2319 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ነው ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ ጤነኛ አይደለም። ላስቲክ በዕድሜም በፀሐይም ይደርቃል። ጎኑ ላይ እንደ ደረቀ መሬት የተሰነጣጠቀ ጎማ ጥርሱ ቢያምርም በሙቀት መንገድ ላይ ይፈነዳል።

የጠዋት አሥር ደቂቃ

ከሁሉ የሚበልጠው ሥራ የሚሠራው ቁልፉ ከመዞሩ በፊት ነው። በጠዋት መኪናዋን ከቆመችበት ሳታንቀሳቅሱ ጎንበስ ብላችሁ መሬቱን እዩ። ጠብታ ካለ በጣታችሁ ነክታችሁ አሽትቱ። ጥቁርና ወፍራም ከሆነ የሞተር ዘይት ነው። ከጎማ አጠገብ ያለ ቀጭን ዘይት ከሆነ የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል ያን ቀን መኪናዋ አትንቀሳቀስ። ውሃ ከሆነ ከራዲያተሩ ወይም ከጎማ ቱቦዎቹ አንዱ እያፈሰሰ ነው።

ከዚያ ኮፈኑን ክፈቱ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ አውጡና በጨርቅ ጥረጉት፤ መልሳችሁ አስገቡና እንደገና አውጡት። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። መኪናዋ ሜዳ ላይ መቆም አለባት፤ ሞተሩም ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ ያለፈው ይሁን። ዘይቱ ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ ጨምሩ፤ ነገር ግን ከላይኛው ምልክት አታሳልፉ። ብዙ ዘይት ማለት ብዙ ጤና ማለት አይደለም።

ቀጥሎ የራዲያተሩን ውሃ እዩ። ይህም የሚሆነው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው! በሞቀ ሞተር ላይ የራዲያተር ክዳን የከፈተ ሰው ፊቱን ለእንፋሎት ሰጠ ማለት ነው። በውስጡ ያለው ውሃ በግፊት ታምቆ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ ክዳኑ ሲላላ በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። ፊቱ የተቃጠለ ረዳት በዓይኔ አይቻለሁ። የምትጨምሩት ለራዲያተር ተብሎ የሚሸጠውን ፈሳሽ ቢሆን ይመረጣል። ጨዋማ የጉድጓድ ውሃ ማንቆርቆሪያችሁን እንዴት ነጭ እንደሚያደርገው አይታችኋል፤ ራዲያተሩንም ውስጥ ውስጡን እንደዚያው ይደፍነዋል።

የጎማ ቱቦዎቹን በእጃችሁ ጨበጥ ጨበጥ አድርጓቸው። ጤነኛ ቱቦ ጠንከር ብሎ ይመለሳል። እንደ በሰለ ፓፓያ የላላ፣ ወይም ማሰሪያው አጠገብ የተሰነጠቀ ቱቦ ካለ ዛሬውኑ ይቀየር። ዛሬውኑ ያልኩትን ልብ በሉ፤ እመለስበታለሁ።

የአየር ማጣሪያውንም አትርሱ። የኛን አቧራ ማንም አይነግራችሁም። ማጣሪያው ከታፈነ ሞተሩ አፍንጫውን ተይዞ እንደሚሮጥ ሰው ይሆናል፤ ጉልበት ያጣል፣ ነዳጅም ይፈጃል። በየሳምንቱ አውጥታችሁ ቀስ ብላችሁ አራግፉት፤ ሲያረጅ ቀይሩት። በመጨረሻ የጎማውን አየር አስለኩ። ትክክለኛው መጠን አብዛኛውን ጊዜ በሾፌሩ በር ክፈፍ ላይ ተለጥፏል። የሚለካውም ጎማው ቀዝቅዞ ሳለ ነው። አየሩ ያነሰ ጎማ እየታጠፈ ስለሚሄድ ይሞቃል፤ የሚፈነዳውም በዚህ ነው።

ይህ ሁሉ አሥር ደቂቃ ነው። ቡና እስኪፈላ ያልቃል።

ግራ እግር የሚያውቀው ነገር

አሁን ወደ መንዳቱ ልምጣ። ከአምስታችሁ ሁለታችሁ መንጃ ፈቃድ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ፍሪሲዮን ምን እንደሆነ ግን ብጠይቃችሁ «የሚረገጠው» ትሉኝ ይሆናል።

ሁለት ሰሃን ፊት ለፊት አስቡ። አንደኛው ከሞተሩ ጋር ሁልጊዜ ይዞራል። ሁለተኛው በካምቢዮው በኩል ከጎማዎቹ ጋር የተያያዘ ነው። እግራችሁ ከፍሪሲዮን ላይ ሲነሣ ሁለቱ ሰሃኖች ተጣብቀው አብረው ይዞራሉ፤ የሞተሩ ጉልበት ወደ ጎማ ይደርሳል። ስትረግጡ ይለያያሉ፤ ሞተሩ ብቻውን ይዞራል፣ ማርሽ መቀየርም ይቻላል። ቆሞ ያለ መኪና ሲነሣ የሚዞረውና የማይዞረው ሰሃን መተዋወቅ አለባቸው። በአንድ ጊዜ ስትለቁት መኪናው ዘሎ ይጠፋል። ቀስ ስትሉ ደግሞ አንዱ በሌላው ላይ እየተንሸራተተ ይያያዛል። ያች የመያዣ ነጥብ የት እንዳለች እግራችሁ ማወቅ አለበት። ሜዳ ላይ ነዳጅ ሳትሰጡ ፍሪሲዮኑን ብቻ በቀስታ እየለቀቃችሁ መኪናው መንቀሳቀስ የሚጀምርበትን ቦታ ፈልጉ። ይህን አንድ ከሰዓት ሙሉ የተለማመደ ሰው ዕድሜውን ሙሉ አይረሳውም።

ነገር ግን የሚንሸራተት ነገር ይሞቃል፣ ያልቃልም። ስለዚህ ሦስት ነገር አታድርጉ። አንደኛ፣ እየነዳችሁ ግራ እግራችሁን ፍሪሲዮን ላይ አታሳርፉ። እናንተ ያረፋችሁ ይመስላችኋል እንጂ ኩሽኔታው እየተበላ ነው። ሁለተኛ፣ ዳገት ላይ ስትቆሙ መኪናውን በግማሽ ፍሪሲዮን አትያዙት፤ የእጅ ፍሬን የተሠራው ለዚህ ነው። ስትነሡ ፍሪሲዮኑን እስከ መያዣው ነጥብ ልቀቁ፣ ነዳጅ ጨምሩ፣ መኪናው ወደፊት መጎተት ሲጀምር የእጅ ፍሬኑን ልቀቁ። ወደ ኋላ አንድ ጣት አይሄድባችሁም። ሦስተኛ፣ አሸዋ ውስጥ ስትያዙ ፍሪሲዮን እያቃጠላችሁ አትታገሉ። ውረዱ፣ ጎማው ሥር ያለውን አሸዋ ጥረጉ፣ ድንጋይና ቅርንጫፍ አንጥፉ፣ ሰው ይግፋችሁ።

ፍሪሲዮንም ይናገራል። በከፍተኛ ማርሽ ነዳጅ ስትሰጡ ሞተሩ እየጮኸ ፍጥነቱ ካልጨመረ ዲስኮው አልቋል። የተቃጠለ ነገር ከሸተታችሁ እየነደደ ነው። እስከ ታች ረግጣችሁም ማርሹ እየተንጫረረ የሚገባ ከሆነ ሰሃኖቹ በደንብ እየተለያዩ አይደለም። በጉልበት አታስገቡት፤ የካምቢዮ ጥርስ ከፍሪሲዮን ይበልጥ ውድ ነው።

በአገራችን የነዳን ሰዎች እዚህ አንድ ተጨማሪ ፈተና አለብን። ኢትዮጵያ ውስጥ በቀኝ እንነዳለን፤ መሪው በግራ ነው። ኬንያ ውስጥ በግራ ይነዳል፤ መሪው በቀኝ ነው። የእግር መርገጫዎቹ አልተለወጡም፤ ፍሪሲዮን በግራ፣ ፍሬን በመካከል፣ ነዳጅ በቀኝ ነው። ማርሹ ግን በግራ እጅ ሆነ። አገር ቤት አንደኛ ማርሽ ወደ ጉልበታችን ይቀርብ ነበር፤ እዚህ ከእኛ ይርቃል። እኔ መጀመሪያ ስነዳ ልታጠፍ ብዬ ፍሬቻ ያበራሁ መስሎኝ የመስታወት መጥረጊያውን እያሠራሁ በደረቅ ፀሐይ ስንት ሰው አስቄያለሁ! በብዙዎቹ የጃፓን መኪኖች የፍሬቻው ዘንግ በቀኝ በኩል ነውና።

ያ የሚያስቅ ነው። የማያስቀው ግን ሌላ ነው። ሰው ሲደክመው ወይም ሲደነግጥ የሚመለሰው ወደ ድሮው ልማዱ ነው። ባዶ መንገድ ላይ ቆይታችሁ ስትነሡ፣ ከነዳጅ ማደያ ስትወጡ፣ በጠዋት የመጀመሪያዋን መታጠፊያ ስትታጠፉ እጃችሁ ሳያውቀው ወደ ቀኝ ሊወስዳችሁ ይችላል። እኔ ክሩስኮቶው ላይ «ግራ» ብዬ በትልቁ ጽፌ ለጥፌ ነበር። አላፍርበትም። በእግር የምትሄዱም መንገድ ስታቋርጡ መጀመሪያ ወደ ቀኝ እዩ፤ እዚህ ቅርቡ መኪና የሚመጣው ከቀኝ ነው። ይህን ለልጆቻችሁም ንገሩ።

በወጣህበት ማርሽ ውረድ

አሁን የምነግራችሁ ገንዘብ ሳይሆን ነፍስ የሚመለከት ነው።

ረዳት በነበርኩበት ጊዜ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ እንወርድ ነበር። ያ ቁልቁለት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ የሚወርድ፣ ጥምዝ በጥምዝ ላይ የሆነ መንገድ ነው። የኔ ሾፌር በዝቅተኛ ማርሽ እየጮኸ እንደ ኤሊ ይወርዳል። እኔ የ18 ዓመት ልጅ ነኝ፤ ችኩል ነኝ። «ጋሼ፣ ዜሮ አድርገው ቢለቁት ነዳጅም አይቆጥብም?» አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ትንሽ እንደወረድን አንድ የጭነት መኪና ጎኑን ከገደሉ ግድግዳ ጋር አጣብቆ ቆሞ አገኘን። ከኋላ ጎማዎቹ ጭስ ይወጣል። ሾፌሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ እጆቹ ሲጋራ መለኮስ አቅቷቸዋል። በዜሮ ለቆት ነበር። ፍሬኑ እየሞቀ እየሞቀ ሄዶ መጨረሻ ላይ መርገጫው ባዶ ሆነበት። ያዳነው መኪናውን ከግድግዳው ጋር ማፋተጉ ነው። በሌላው በኩል ያለው ገደል ነበር። ሾፌሬ ውሃ ሰጡትና ወደ እኔ ዞረው «ልጄ፣ በወጣህበት ማርሽ ውረድ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቁልቁለት በዜሮ ወርጄ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማርሽ ውስጥ ያለ መኪና ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። ዜሮ ስታደርጉት ግን የመኪናው ክብደት በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። የፍሬን ሸራ ከልክ በላይ ሲሞቅ መያዝ ያቆማል፤ የፍሬን ዘይቱም ሊፈላ ይችላል። ሞተሩን አጥፍቶ የሚወርድ ደግሞ ይባስ፤ ፍሬኑን የሚያግዘው ኃይል ስለሚጠፋ መርገጫው እንደ ድንጋይ ይጠነክርበታል፣ መሪውም ይከብደዋል። በዚህ በኩል ወደ ኪታሌ የሄዳችሁ ከካፔንጉሪያ ወደ ማሪች የሚወርደውን መንገድ ታውቁታላችሁ። እዚያ ለመውጣት ሁለተኛ ማርሽ ያስፈለገው መኪና ለመውረድም ሁለተኛ ይበቃዋል። ማርሹንም ቁልቁለቱ ሳይጀምር አስገቡ፤ መሀል ላይ ሆኖ መፈለግ አደጋ ነው።

እዚሁ ሜዳችን ላይም ሞት አለ። ደረቅ የነበረው ላጋ ሩቅ አገር በዘነበ ዝናብ በድንገት ሲሞላ አይታችኋል። ታራች ሰው እንደሚወስድ ለእናንተ አልነግርም። የወራጁን ውሃ ወለል ካላያችሁ አትግቡ፤ ጠብቁ። ውሃው ይጎድላል፤ ሰው ግን አይመለስም። ከተሻገራችሁም በኋላ ፍሬኑ እስኪደርቅ በቀስታ እየነዳችሁ ረገጥ ረገጥ አድርጉት።

በእጃችሁ የሚሠራና የማይሠራ

ሁሉን ነገር ለመካኒክ ከሰጣችሁ ትርፋችሁ የመካኒኩ ነው። ሁሉን ነገር ራሳችሁ ከነካካችሁ ደግሞ መኪናችሁ የእናንተ አይሆንም። ስለዚህ ልክ ይኑረው።

ጎማ መቀየር የእናንተ ነው። ሜዳ ላይ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ ማርሽ አስገቡ፣ ሌሎቹን ጎማዎች በድንጋይ ደግፉ። ዳዶዎቹን በክሪክ ሳታነሡት በፊት አላሉ። ስታጠብቁ ደግሞ አንዱን ካጠበቃችሁ ቀጥሎ ፊት ለፊቱ ያለውን እንጂ ጎረቤቱን አታጥብቁ። ጥቂት ከተጓዛችሁ በኋላ ቆማችሁ እንደገና አጥብቁ። አንድ ነገር ግን ማሉልኝ፦ በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ክሪክ ለማንሻ እንጂ ለመደገፊያ አልተሠራም። ጠንካራ ግንድ ወይም ማቆሚያ ሳይደረግበት ጭንቅላቱን ያስገባ ሰው ዕድሉን እየሞከረ ነው።

ባትሪ የእናንተ ነው። ጫፎቹ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ከያዘ በሙቅ ውሃና በቤኪንግ ሶዳ እጠቡት፣ አድርቁት፣ ግራሶ ቀቡት። ስትፈቱ መጀመሪያ ኔጋቲቩን ፍቱ፤ ስትገጥሙ ኔጋቲቩን መጨረሻ ግጠሙ። አጠገቡ ሲጋራም ክብሪትም አይኑር፤ ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ ይፈነዳል። ባትሪው ከደከመ ባለ ማርሽ መኪና ተገፍቶ ይነሣል፤ ቁልፉን ክፈቱ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገቡ፣ ፍሪሲዮን ረግጣችሁ ጓደኞቻችሁ ይግፉ፤ መኪናው ሲሮጥ ፍሪሲዮኑን ለቀቅ አድርጉ፣ እንደተነሣም መልሳችሁ ርገጡ። አውቶማቲክ መኪና ግን በዚህ አይነሣም።

ዘይትና የዘይት ፊልትሮ መቀየር፣ የአየር ማጣሪያ፣ ካንዴላ፣ አምፖል፣ ፊውዝ፣ እነዚህንም እየተያያችሁ ትማራላችሁ። የተቃጠለን ፊውዝ ግን በሽቦ ወይም በሲጋራ ወረቀት አትተኩ፤ ፊውዙ ይቃጠል የነበረው መኪናው እንዳይቃጠል ነው። የተቀየረ ዘይት መሬት ላይ አይደፋ። በጄሪካን ይጠራቀም፤ የምንጠጣው ውሃ ከዚሁ መሬት ነው።

ፍሬንና መሪ ግን ሙያው ለሌለው ሰው አይነካም። ቆጥባችሁ ለባለሙያ ክፈሉ። ሲሠራ አጠገቡ ቁሙ፣ ጠይቁ፣ ተማሩ።

እህቶቼም ስሙኝ። ከአምስቱ አንዷ ሴት መሆኗን ስሰማ ደስ ብሎኛል። ፍሪሲዮን ጉልበት አይጠይቅም፤ ጆሮና ትዕግሥት ነው የሚጠይቀው።

አንዳንድ ወጣት «አሁን ዓለም ወደ ኤሌክትሪክ እየሄደ ነው፣ ይህ የድሮ ሙያ ምን ይሠራል?» ይላል። እውነት ነው፤ ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። ኤሌክትሪክ መኪና ፍሪሲዮን የለውም። ነገር ግን ጎማ አለው፣ ፍሬን አለው፣ መሪ አለው፤ የሚያፈስና የሚላላ ነገርም አለው። የሚያዳምጥ ሰው በሁሉም ይሠራል።

ነገ ያልኩት ቱቦ

አሁን ቃል ወደገባሁት ልመለስ።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ከዓመታት በፊት ሦስት ሆነን አንዲት መኪና ነበረችን። ሁለት ዓመት ቆጥበን የገዛናት ናት። አንዱ ጓደኛችን ይነዳል፣ አንዱ ሒሳብ ይይዛል፣ እኔ እጠግናለሁ። አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ አንዲት የታመመች እናት ወደ ሎድዋር ለማድረስ ጓደኛችን ተነሣ። መንገድ ላይ የሙቀት መለኪያው ቀስት ወጣ። ቢያቆም ሞተሩ ይድን ነበር። ነገር ግን ቤተሰቦቿ «እባክህ አታቁም» እያሉ ያለቅሱ ነበር፤ አላቆመም። ሳይደርሱ ሞተሩ ነከሰ፣ ቆመ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሌላ መኪና ተወስደው እናቲቱ ድናለች። መኪናችን ግን እንደ ቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ካምፕ «ሞተሩን ያቃጠለው እሱ ነው» እየተባለ ሲወራ ኖረ። እኔም ዝም አልኩ። እሱ ለአንድ ዓመት ያህል አብሮን ቡና አልጠጣም፤ ያፈረ መሰለን።

እውነቱን ዛሬ ልናገር። ከዚያ ቀን በፊት በነበረው ማታ ኮፈኑን ከፍቼ የራዲያተሩን የላይኛውን ጎማ ቱቦ ጨብጬው ነበር። ላልቷል። ማሰሪያው አጠገብም ተሰንጥቋል። መኪናዋ ተናግራ ነበር፤ የሰማኋት እኔ ነኝ። መሽቶ ነበርና ደክሞኝ «ነገ እቀይረዋለሁ» አልኩ። ለሾፌሩም አልነገርኩትም። የቱቦው ዋጋ ከአንድ ቀን ምሳ አይበልጥም ነበር። በማግሥቱ የፈነዳው ያ ቱቦ ነው። እሱ የታመመ ሰው ይዞ ነው ያላቆመው፤ እኔ ግን ምንም አልያዝኩም ነበር።

ያ ወንድሜ ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከኋላ ተቀምጧል። ወንድሜ፣ በሰው ፊት ስምህ ጠፍቶ ነበርና በሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ።

ልጆቼ፣ ስለዚህ አንድ ደብተር ግዙ። መኪናዋ ውስጥ ይቀመጥ። ከአምስታችሁ ማንም ያየውን፣ የሰማውን፣ የሸተተውን ነገር ከነቀኑ ይጻፍበት። በጠዋት ቁልፉን የሚይዘው ሰው ሳያነብ አይነሣ። ስምምነታችሁ ውስጥም ይህን አስገቡ፦ ያየውን የጻፈ አይወቀስም፤ አይቶ ዝም ያለ ግን ይጠየቃል። ሙቀቱ ሲወጣ የማን ጥፋት ነው ሳትሉ ወዲያው አቁሙ። ለማቆም ቦታ እስክታገኙ ድረስ የመኪናውን ማሞቂያ እስከ መጨረሻው ክፈቱት፤ ከሞተሩ ጥቂት ሙቀት ይቀንስለታል። እናንተን ያልባችኋል እንጂ አትሞቱም። ከቆማችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓትም ቢሆን ጠብቁ፤ ሳይቀዘቅዝ ክዳን አትክፈቱ፣ በጋለ ሞተርም ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አትድፉ። ተሳፋሪው ቢቆጣ ይቆጣ።

ብዙ አስቀመጥኳችሁ። እግዚአብሔር መኪናችሁን ይባርክላችሁ፣ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። ከነገ ጀምሮ ማታ ማታ ከቤቴ በራፍ አለሁ፤ መጠየቅ የሚፈልግ ይምጣ፤ አሮጌ ፍሪሲዮን ፈትቼ አሳየዋለሁ።



ከአዘጋጆቹ፦ ንግግሩ ሲያበቃ ከኋላ ተቀምጠው የነበሩት ሰው ተነሥተው ተናጋሪውን አቅፈዋቸዋል። አምስቱ ወጣቶችም ደብተሩን መግዛታቸውን ይህ ዕትም ከመውጣቱ በፊት ነግረውናል፤ መኪናዋን ገና አልገዙም።